ከስንዱ አጥር የቆረጥኩት አበባ

ካምፓላ ውስጥ በግቢው ያንን ነጭ አበባ የተከለ ሁሉ ይህን ያንብብልኝ። እንደ ጥሩንባ አፉን ወደ ታች ደፍቶ የሚንጠለጠለውን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽታው መንገድ ድረስ የሚወጣውን ማለቴ ነው። ይትከሉት፣ ይዩት፣ ግን ከነኩት እጃቸውን ይታጠቡ። ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። ሌላው ምክንያቴ ደግሞ የአንዲት ሴት ስም ማጥፋቴ ነው። ባለቤቴ ጌታሁን «በአፍሽ ያጠፋሽውን በአፍሽ መልሰሻል፤ በጽሑፍ ብትጨምሪበት ግን አይበዛም» አለኝ። የማወራው ስለ ሕመም ነው፤ ቅናቴን ደብቄ ግን ሕመሙን ላወራው አልችልም፤ የታመምኩት ከቅናቴ የተነሣ ነውና።

ሴትዮዋ ስንዱ ትባላለች። ካምዎክያ ባለው ምግብ ቤቴ ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ስትመጣ ሽንኩርት መክተፍ እንኳ በወጉ አታውቅም ነበር። (ጌታሁን ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ «ታውቅ ነበር እንጂ!» ይላል።) ምንም ሆነ ምን፣ ከእኔ ጋር ቆይታ፣ እጇ ሲፈታ፣ አንድ ቀን «እትዬ ወይንሸት፣ ይመርቁኝ» ብላ ወጣችና ኮሎሎ ላይ በረንዳ ያለው ቤት ተከራይታ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች። መረቅኳት። ከዚያ በኋላ ግን ደንበኞቼ አንድ በአንድ ጠፉ። መጀመሪያ የቢሮ ሰዎቹ፣ ቀጥሎ የእኛው አበሾች። ለዓመታት በእኔ እጅ የበላ ሰው በቦዳ ሞተር ተፈናጦ ወደ ኮሎሎ ሽቅብ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያር ነበር። ያውም ለሽሮ! ሽሮ እኔም ቤት አለ።

ምግብ ቤቷ በተከፈተ ቀን ሄጃለሁ። አቅፌ ስሜያታለሁ፣ እልል ብያለሁ። ዓይኔ ግን አጥሩ ላይ ነበር። ከበሩ እስከ በረንዳው ያ አበባ ተሰልፎ ተንጠልጥሏል፤ የመጣው እንግዳ ሁሉ ከሥሩ እየቆመ ፎቶ ይነሣል። ስወጣ ግራ ቀኝ አየሁና ሦስት ቅርንጫፍ ቀንጥሼ በነጠላዬ ሥር ሸጎጥኩ። ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። «ችግኝ ስጪኝ» ብላት ደስ ብሏት ትሰጠኝ ነበር። ስንዱን መለመን ግን አልፈለግሁም።

ቤት ስደርስ አናታቸው የተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖች ውስጥ ተከልኳቸው። የካምፓላ አፈር ያው ነው፤ ዱላ ቢሰኩበትም ያበቅላል። በጥቂት ወራት ጓሮዬ በነጭ አበባ ተሞላ። በየማለዳው በእጄ እየቆረጥኩ፣ በብርጭቆ እያደረግኩ በየጠረጴዛው አስቀምጥ ጀመር።

ሕመሙ ከግራ ዓይኔ ጀመረ። አንድ ጠዋት አበባዎቹን ስቆርጥ ላብ ወረደኝና በእጄ ጀርባ ዓይኔን ጠረግኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የስልኬ ጽሑፍ ይዋኝብኝ ጀመር፤ የውጭው ብርሃን ደግሞ እንደ መርፌ ይወጋኛል። መስታወት ሳይ ደነገጥኩ። የቀኝ ዓይኔ ብሌን እንደ ወትሮው ነው፤ የግራው ግን ጥቁሩ ሰፍቶ ሰፍቶ ቡናማውን ሊውጠው ደርሷል።

ጌታሁን አየኝና «በአንድ ዓይንሽ ማንን ነው እንዲህ አፍጥጠሽ የምታዪው?» ብሎ ቀለደ። እኔ ማንን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልሳቅሁም።

ናካሴሮ ያለ አንድ መነጽር ቤት ሄድኩ። «ዕድሜ ነው» ብለው የማንበቢያ መነጽር ሸጡልኝ። በሳምንቱ ዓይኔ በራሱ ተሻለኝ፤ መነጽሩን አመሰገንኩ። ደግሞ አበባ ቆረጥኩ፣ ደግሞ ታመመ። ሁለተኛ በሄድኩበት ክሊኒክ አንድ ወጣት ሐኪም በባትሪ አንዱን ዓይኔን፣ ቀጥሎ ሌላውን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ከጭንቅላት ሊሆን ስለሚችል ስካን ያስፈልጋል» አለኝ።

ስካኑን ስጠብቅ የተቀመጥኩበት አዳራሽ እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። እርስ በርሳቸው በብረት የታሰሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳ ላይ በሉጋንዳ የሚሰብክ ቴሌቪዥን፣ እጄ ላይ በላብ የራሰ የተራ ቁጥር። አጠገቤ የነበረች አንዲት አሮጊት ቋንቋዬን ሳታውቅ እጄን ይዛ ተራዬ እስኪደርስ አልለቀቀችኝም። እኔ ግን በልቤ ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ እንዳለ ፈርጄ፣ ሞቼ፣ ተቀብሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ እኔ ስሞት ጌታሁን ብቻውን አይችለውምና ምግብ ቤቱን ለስንዱ ይሰጣታል። ሞትን የፈራሁትን ያህል ይህን ፈራሁት ብል እውነቴን ነው። ስካኑ ንጹሕ ነው ተባለ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ «ምንም የለብሽም» መባሌ ደስ ከማለት ይልቅ አናደደኝ።

በዚህ መሃል የማኅበር ተራዬ ደረሰ። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አለን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን። ያለፈው ወር ተረኛ ስንዱ ነበረች። የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሙሴው ጋሽ ታምሩ፣ የስንዱን ጠላ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፍነው «ከአገሬ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ጠላ አልጠጣሁም» አሉ። ዘጠኝ ዓመት የእኔን ጠላ ሲጠጡ የኖሩ ሰው! ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔም «እውነት ነው» አልኩ፤ ምን ልበል። ቤቴ እስክደርስ ግን እንደ እሳት ፈጀኝ። በእኔ ተራ የእሷን የሚያስረሳ ጠላ ለመጥመቅ ለራሴ ማልኩ።

ጌሾ ከአገር ቤት በሞያሌና በናይሮቢ በኩል በአውቶቡስ ነው የሚመጣልን። የዚያን ጊዜ የመጣው እርጥበት ነክቶት ነበር። እኔ ደግሞ ጌሾ በጥላ እንጂ በፀሐይ አላደርቅም። ጓሮዬ ውስጥ ጥላ ያለው አበባዎቹ ሥር ብቻ ስለሆነ እዚያው አንሶላ ዘርግቼ አሰጣሁት። እስኪደርቅ በቆየበት ሦስት ቀን ከላይ ቅጠሉም አበባውም ሲረግፍበት አይቻለሁ። ያየሁትን ለቀምኩ። ያላየሁት ከጌሾው ጋር ደረቀ። የደረቀ ቅጠል ከደረቀ ቅጠል ጋር ከተደባለቀ ማን ይለየዋል? ሠራተኛዬን እንኳ ሳላስነካ በገዛ እጄ፣ ሳላደቅቀው ወቀጥ ወቀጥ አደረግኩት።

ጠላ የጠመቀ ያውቀዋል፤ ጥንስሱን ጠማቂዋ በጣቷ ነክራ ትቀምሳለች። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ዕረፍት አልነበረኝምና በጣቴ አልበቃኝም፤ በኩባያ ነበር የምቀምሰው። በቀመስኩ ቁጥር የስንዱን እያስታወስኩ አመዛዝናለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አይርስም። ልቤ ይሮጣል፣ ፊቴ ይግላል፣ ግን ላብ የለም። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ደሜን አይተው «ወባ አልታየም፤ ቢሆንም መድኃኒቱን ውሰጂ» አሉኝ። በማግሥቱ ቀለል አለኝና ደግሞ ቀመስኩ። ደግሞ ታመምኩ። ሌላ ቦታ «ታይፎይድ ነው» ብለው መርፌ ወጉኝ። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ እንቢ አለ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ለሌላው ይጠቅም ይሆናልና ልናገረው። ፊኛዬ ሞልቶ ሆዴ ተነፍቶ፣ ሽንት ቤት ቆይቼ ቆይቼ ምንም ሳይወጣ እመለስ ነበር። በአራተኛው ጠዋት ጥንስሱ ላይ የጠላው ቂጣ ተጨምሮበት ስለነበር ሙሉ ኩባያ ቀመስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። ስንዱ የገንዘብ መቀበያው ጋ ያለው ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። የእኔ ወንበር ላይ! ቀና ብላ ሳታየኝ ሽንኩርት ትልጣለች። «ተነሺልኝ!» እላታለሁ፤ አትመልስም። ጌታሁን ግን ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም ይላል። እኔ ከአየር ላይ ክር እየለቀምኩ ጣቴ ላይ እጠመጥም ነበር አሉ። ፍሪጁን «ጋሽ ታምሩ» እያልኩ እንዲጠጣ ለምኜዋለሁ። የእኔው ፍሪጅ ግን የስንዱን ይመርጣል መሰለኝና ሰድቤዋለሁ።

ስፔሻል ሃየር በሚሉት የኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሽንቴን በቱቦ ሲያወጡልኝ ያገኘሁት እፎይታ በሕይወቴ ካገኘኋቸው ትልልቅ ደስታዎች አንዱ ነው። ግማሽ አእምሮዬ ሲመለስ ጌታሁን ከራስጌዬ ተቀምጦ ነበር።

«ስለ ቤቱ አታስቢ» አለኝ። «ስንዱን ጠርቻታለሁ። ኩሽናውንም የማኅበሩንም ዝግጅት ይዛልሻለች።»

«ማንን ጠራህ?»

«ታዲያ ማንን ልጥራ ወይንዬ? ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት።»

እንግዲህ ወንበሬ ላይ ያየኋት ሕልም አልነበረም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ከሰዓት የማኅበር ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። አንዷ «ይህ የጤና አይደለም፤ የሆነ ነገር አብልተዋት ነው» ብላ አንሾካሾከች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ነፍሴን እያወቅሁ፣ «ባለፈው ሳምንት አጥሚት የላከችልኝ ስንዱ አይደለችም?» አልኩ። ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። በቂ ነበር። ካምፓላ ያለ አበሻ ሁሉ ስልክ አለው። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት የስንዱ በረንዳ ላይ አንድም የእኛ ሰው አልተቀመጠም።

በዚያው ቀን ጌታሁን ፈራ ተባ እያለ «ስንዱ ጠላሽን ደፋችው» አለኝ። ከነቱቦዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

«አላልኩህም! ቀንታ ነው!»

ጌታሁን «የቀናውስ ማን ነው?» አለኝ። አኮረፍኩት።

በማግሥቱ ማለዳ አዲስ ሐኪም መጣች። ዶክተር ናካቶ ትባላለች፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲመልስላት የምትጠብቅ ሴት። በእጇ የታሰረ ፌስታል ይዛለች። «አንዲት የአገርሽ ሴት ትናንት ለሁለት ሰዓት ያህል በር ላይ ቆማ፣ ‹ለሐኪም በእጄ ካልሰጠሁ አልሄድም› ብላ ያመጣችው ነው» ብላ ፈታችው። ውስጡ የጥንስሱ አተላ ነው።

«ይህ ቅጠል ምንድን ነው?»

አሸተትኩ። «ጌሾ ነው። ለመጠጥ የምንጨምረው።»

«ይህስ?» ከአተላው መሃል ረጅም፣ የጠወለገ፣ ጫፉ የሰፋ ነገር በጓንት አነሣች። ወዲያው አወቅሁት። ጌታሁንም ያየኛል።

«አላውቅም» አልኩ።

«በደንብ እዪው። በምን እንደታመምሽ ካላወቅን የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን እንዳይሆን በመርፌ ከጀርባሽ ፈሳሽ መውሰዳችን ነው።»

መርፌው ከኩራቴ በለጠ። «አበባ ነው» አልኩ። «ግቢዬ ያለ። ከስንዱ አጥር የሰረቅኩት።» ስለ ዓይኔም፣ በየማለዳው ስለመቁረጤም፣ ስለ ኩባያውም ነገርኳት። ጌታሁን አንገቱን ደፋ።

ዶክተሯ ግን ስለ ስርቆቱ ግድ አልነበራትም። ነርሷን ጠብታ አስመጣችና ዓይኔ ላይ አንጠባጠበች። «ይህ ፒሎካርፒን ይባላል። እሱም የሚገኘው ከሌላ ተክል ቅጠል ነው። የጤነኛ ሰው ብሌን ያጠብባል፤ ሕመሙ ከጭንቅላት በሚመጣው ነርቭ ላይ ቢሆንም ብሌኑ ይጠባል» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። መስታወት ሰጠችኝ፤ ብሌኔ እንደሰፋ ነው። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፤ እሷ ግን ፈገግ አለች።

ጌታሁን የተቀመጠበትን የጠያቂ ወንበር አሳየችኝ። «ነርቭ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በመልእክተኛ ነው» አለች፤ «አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ነው። መልእክተኛው እንደዚህ ያለ ወንበር ያገኝና ይቀመጣል፤ ወንበሩን እኛ ሪሴፕተር እንለዋለን፣ ተቀባይ ማለት ነው። ሲቀመጥ ‹ብሌኑ ይጥበብ፣ ምራቅ ይምጣ፣ ልብ ይረጋ፣ ፊኛ ይጨመቅ› ብሎ ያዛል። ያንቺ አበባ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ፤ አልካሎይድ የሚባሉ የተክል መርዞች ናቸው። እነሱ ይመጡና ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራ አይሠሩም፣ ባለቤቱንም አያስቀምጡም። ጭንቅላትሽ ውስጥም ያው ወንበር ስላለ ነው የሌለ ሰው ያየሽው።»

«ታዲያ ወንበሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም። ተይዞ ነው እንጂ። ጠብታዬ ያልሠራውም መቀመጫ አጥቶ ነው። ሰውነትሽ መርዙን ቀስ በቀስ ያስወጣዋል፤ እኛ እስኪነሣ እንጠብቅሻለን። አፍሽ ምራቅ ሲሞላ እየለቀቀሽ ነው ማለት ነው።»

እኛ አገር በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ልጅ ሆነን እንዳንነካው የምንገሠጽበት አስተናግር የዚህ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው። እሱን ባየው እሸሸው ነበር። ይህኛው ግን ኮሎሎ፣ የስንዱ በረንዳ ላይ ስላየሁት አማረኝ።

ዶክተሯ ስትወጣ ስንዱ ገባች። ፊቷ ከስቷል። እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ከእግርጌዬ ቆመች።

«ጠላውን ልጨርስልዎት ብዬ በጣቴ ቀመስኩና ተፋሁት» አለችኝ። «ጌሾ እንዲህ አይመርም። ባጠልለው ያ አበባ ወጣ። እኔም መርዝ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ በሚካኤል!»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እትዬ ወይንሸት፣ ቅርንጫፉን ሲወስዱ በመስኮት አይቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያስለመዱኝ እርስዎ አይደሉ? ቤትዎ በገባሁበት ወር ከድስትዎ ተደብቄ ስቀምስ አይተው ዝም ብለውኛል።» ከዚያ ድምጿ ተቀየረ። «አሁን ግን ዝም አይበሉብኝ። ሰው ቤቴ መግባት ትቷል። ያዘዙት ሁሉ ሰርዘዋል። ሌላ ሳምንት እንዲህ ከሄደ እዘጋለሁ።»

ስትሄድ ሐኪሟም ጌታሁንም የማያውቁት ነገር በልቤ ገባ። ዝም ብል ስንዱ ትዘጋለች። ደንበኞቼ ይመለሳሉ። ጋሽ ታምሩም የእኔን ጠላ ይጠጣሉ። መዋሸት አይጠበቅብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ። ከጠዋት እስከ ምሳ አሰብኩበት። ጌታሁን ይህን የሚያውቀው አሁን ሲያነበው ነው። ምሳ መጣልኝ፣ ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝ በመረቅ። አፌ ውስጥ እንደ ጥጥ ሆነና መዋጥ አቃተኝ። ያን ጊዜ በር ላይ ሁለት ሰዓት ፌስታል ይዛ የቆመችውን አሰብኩ። ያን ሰዓት እኔ ውስጥ ሆኜ «ቀንታ ነው» እያልኩ ነበር። ጋሽ ታምሩ ጋ አስደወልኩና «የሚካኤልን ማኅበር በእኔ ፈንታ ስንዱ ቤት አድርጉልኝ» አልኳቸው።

በአሥራ ሁለት፣ ከሆስፒታል በወጣሁ ማግሥት፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ ኮሎሎ ወጣሁ። አጥሩ ባዶ ነበር፤ ስንዱ አበባውን ሁሉ አስነቅላዋለች። ጸሎቱ ሲያበቃ ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስርቆቱን፣ ጌሾውን፣ አጥሚቱን። «ስንዱ ምንም አላበላችኝም። እኔ ቀንቼ ነው» አልኩ። ጋሽ ታምሩ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ።

ማዕዱ ቀረበ። እጁን የሰደደ ግን አልነበረም። አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላዋ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ነገሩ አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ በንግግር ብቻ የሚመለስ አልሆነም። ስንዱ ከትሪው አጠገብ ቆማለች።

መነጽሬን አወለቅሁና «አጉርሺኝ» አልኳት።

ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ገና ጉርሻው አፌ ሳይገባ፣ ከጉንጮቼ ሥር አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝና አፌ ምራቅ ሞላ። ከስንት ቀን በኋላ! ዋጥኩት። ደግሞ ሞላ። ደስታና ቅናት አንድ ላይ መጡብኝና ዕንባዬም ፈሰሰ።

«እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ታምሩ።

ሁሉም አፌን ያያል። አላምጬ፣ ዋጥኩና፣ «ከእኔ ይበልጣል» አልኩ።

በሕይወቴ እንደዚያች ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣም ብሎ ያስቸገረኝ የለም። ሰው ሳቀና እጆች ሁሉ ወደ ትሪው ሄዱ። ስንዱ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለችልኝ። አፌን ከፍቼ ጠበቅኋት፤ በሆዴ ግን ምን ዓይነት ቅመም ጨምራበት ይሆን እያልኩ ነበር።